ፋይዛና የመሐንዲሱ የውሃ ፕላን

ፋይዛ የወሎ፣ የወረባቦ ልጅ ናት። ሳዑዲ ውስጥ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ ባለችው ጂዛን ከተማ፣ መሐንዲስ ጃቢር ቤት መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ፤ ዓረብኛውን ታንበለብለዋለች። ሰው ሲያወራ ጣልቃ ካልገባች አይሆንላትም፤ ይህን ጠባይዋን እናቷ ስትገስጸው ኖራ አልተሳካላትም፤ እንኳንም አልተሳካላት!

የየመን ጦርነት አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሰዉ ሚሳኤል ይመጣል ብሎ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይውላል፣ መንገዱ በፍተሻ ተጨናንቋል። ጃቢር ግን የራሱ ጭንቀት ነበረበት። ለማዘጋጃ ቤቱ፣ ጂዛንንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች «ብልህ ከተማ» ለማድረግ በየመንገዱ የሚተከል የቀዝቃዛ ውሃ ማሽን ያቅዳል። ማሽኑ የሚከፈተው በስልክና በኢቃማ፣ ማለትም በመኖሪያ ፈቃድ ቁጥር ነው፤ ወጪውን ጠጪው ይሸፍናል። በየመስጊዱ በር በነፃ የሚያጠጡት የድሮዎቹ ማቀዝቀዣዎች ይነሳሉ።

ፋይዛ ሻይ ስታቀርብ ጃቢር ይህን ለሚስቱ ሲያነብ ሰማች። ወንድሟ ሸምሱ በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ከጂዛን ወጣ ብላ ባለችው አሐድ አል-መሳርሐ ቲማቲም የሚለቅም ነው። ኢቃማ የለው፣ ስልክ የለው። የእርሻው ጉድጓድ ጨው ስለሆነ በዚያ ሐሩር የሚጠጣው ከመስጊዱ በር ማቀዝቀዣ ነው። እሱም ሊነሳ ነው። ስሙን ብታነሳ ወንድሟን ማስያዝ፣ ዝም ብትል በጥም ማስፈጀት ሆነባት።

የጂዛን ሰው ወላጁ ሲሞትበት በስሙ ሰቢል ያቆማል፤ ደጁ ላይ ማቀዝቀዣ ተክሎ አላፊ አግዳሚውን ያጠጣል። የጃቢርም ደጅ ላይ የእናቱ ሰቢል አለ፤ ጠዋት ጠዋት የምታጥበው ፋይዛ ናት።

«ባባ ጃቢር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእናትዎን ውሃ የሚጠጣ ሰው ኢቃማ ያሳያል?»

«አንቺ ደግሞ፣ ያ ሰደቃ ነው። ይሄ ወጪ አለው።»

«የእናትዎንስ ወጪ ማን ይችላል?»

«እኔ ነኛ።»

«ቅር ብሎዎት ያውቃል?»

ጃቢር ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እንግዲያው ስልኩን ለጠጪው ሳይሆን ለሰጪው ያድርጉት። ሰው በእናቱ ስም ማሽን ይያዝ፤ ዛሬ ስንት ብርጭቆ እንደተጠጣላት ስልኩ ላይ ይመልከት። ይህን ለማየት የማይከፍል ልጅ አለ? ጠጪው ቁልፉን ተጭኖ ይጠጣ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ሚስቱ ሳቀች፤ ጃቢር አልሳቀም። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ይባል የለ! ያን ሁሉ የተማረ ሰው በእናቱ ውሃ አጠገብ ሲገባ ሲወጣ ያላሰበውን፣ የምታጥበው አሰበችው። ጃቢር ሳምንቱን ሙሉ ፕላኑን አፍርሶ ሠራ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባም ተቀበለው። ስሟን የጠራ የለም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ረመዳን ሊገባ ሲል የመጀመሪያው ማሽን አሐድ አል-መሳርሐ፣ መስጊዱ በር ላይ ተተከለ። አርብ ቀን ሸምሱ በጓደኛው ስልክ ደወለላት።

«ምነው፣ ያዙህ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«አይ፣ ጠጣሁ» አላት። «ፋይዝዬ፣ ማሽኑ ማን ነህ አላለኝም።»