ለወንደላጤው የተገዛ የጸሎት ኩታ

በእስራኤሏ የጽፋት ከተማ ዳገት ላይ ስጦታ የምትሸጠው ሲምሓ ዋጋ ከመናገሯ በፊት "ለማን ነው?" ትላለች። ለአዲስ ሙሽሮች ጥንድ የሰንበት መቅረዝ ትመርጣለች፤ ሚስቱ ለሞተችበት ደግሞ ሰንበት ሲወጣ የሚሸተተውን የቅመም ሙዳይ፣ መዓዛው እንኳ ያጫውተው ብላ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ከየመን አይሁድ ወገን የሆነችው ልብስ ሰፊ ነዓማ ባለዘርፍ የጸሎት ኩታ አነሳች።

"ለማን ነው ልጄ?"

"ለወንደላጤው ጎረቤቴ፣ ለፋይቬል። ልደቱ ነው።"

ሲምሓ ሳቋን ዋጠች። "በእናንተ ሕፃኑም ይለብሰዋል። ከአውሮፓ በመጡት በእነፋይቬል ወገን ግን ወንድ ኩታ የሚደርበው ሲያገባ ነው። ነገ ይህን ለብሶ ምኩራብ ቢገባ ሽማግሌው ሁሉ 'ሙሽራዪቱ የታለች?' ብሎ ያፋጥጠዋል።"

የነዓማ ጉንጭ ቀላ። ኩታውን መለሰችው፤ ጣቷ ግን ዘርፉን አልለቅም አለ።

"የወይን ጽዋ ላሳይሽ?"

"እትዬ ሲምሓ፣ ስንት ዘመን ሾርባ አመላለስኩለት። ሳህኑን አጥቦ ከመመለስ በቀር ቃል አይወጣውም።"

"እና?"

"እና ሽማግሌዎቹ ይጠይቁልኛ። ይጠቅልሉልኝ።"

ሲምሓ ጠቀለለችላት። ነዓማ ደጁን ስትሻገር፣ ሲምሓ ከመስኮቱ ላይ ያማረውን ጥንድ መቅረዝ አንስታ ከጠረጴዛው ሥር ሸሸገችው።

"ምነው አነሱት?" አለች ነዓማ ዞር ብላ።

"ሰው ይዞታል።"