ቅናሽና ቅናት

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ልጄ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ደስታችን ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም፤ ከሰዓት በኋላ ስሟን በቤተሰቡ ኢንሹራንስ ውስጥ ለማስገባት ወደ ኩባንያው ደወልን። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴትዮ ቅልስልስ ያለች ናት፤ ዕድሜ ጠየቀች፣ አድራሻ ጠየቀች፣ ቀጥላ ደግሞ ልጅቱ ያገባች ናት ወይስ ያላገባች አለች። ልጄ ቅንድቧን ሰቅላ አየችኝ።

"ዳድ፣ ዋት ዳዝ ዛት ሃቭ ቱ ዱ ዊዝ ድራይቪንግ?" አለችኝ፣ ሴትዮዋ እየሰማች።

እውነቷን ነው፤ ትዳርና መሪ ምን አገናኛቸው? ስልኩን ለእናቷ ትቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ውጭ የኅዳር ዝናብ ነበር፤ የዚህ የሲያትል ከተማ ዝናብ ደግሞ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያበሰብሳል። ያቺን ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ ተጠይቄያታለሁ። ያን ጊዜ በሳቅ ባልፋትም ኋላ ግን አላሳቀችኝም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ መባቻ ገደማ ነው። እዚሁ ከተማ ሶዶ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር አንድ የአትክልት መጋዘን እሠራ ነበር፤ ከማቀዝቀዣው ክፍል ስወጣ ጆሮዬን እስከ ምሳ ሰዓት አላገኘውም ነበር፣ ልብሴም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። መኪናዬ ከእኔ በፊት ሦስት ሰው የነዳት አሮጌ የጃፓን መኪና ነበረች። አንድ የበረዶ ጠዋት ቁልቁለት ላይ ተንሸራትቼ የቆመ መኪና ገጨሁ። ሰው አልተጎዳም፤ የተጎዳው የእኔ የአነዳድ መዝገብ ነው። ኢንሹራንሴ የሚታደስበት ወር ሲደርስ ክፍያው ሽቅብ ተተኮሰ።

ለማልቀስ ወደ ኢንሹራንስ ወኪሉ ሄድኩ። ወኪሉ ወፈር ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ፈረንጅ ነበር። ክፍያው ለምን እንደከበደ እየሳቀ አስረዳኝ፤ ወጣት ነህ፣ ገጭተሃል፣ አላገባህም አለኝ። ወጣትነቱ በራሱ ጊዜ ያልቃል፤ ግጭቱም ዓመታት ሲያልፉ ይረሳል፤ ማግባቱ ግን በእጅህ ነው አለ። ባለትዳር ረጋ ብሎ ይነዳል ተብሎ ስለሚታመን ቅናሽ አለው ማለት ነው። እኔ የማውቃቸው ባለትዳሮች ግን መንገድ ሁሉ ሲጨቃጨቁ መታጠፊያ የሚያልፋቸው ናቸው። ቢሆንም "በእጅህ ነው" ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ያልወጣው በሰናይት ምክንያት ነው። ሰናይት ሲያትል ዳር ሬንተን ውስጥ ከአጎቷ ከጋሽ ተፈራ ቤት የምትኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታኮማ ከተማ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። መኪና ስላልነበራት የማደርሳት እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ ብርቱካን ትልጣለች። እኔ መሪ ስለያዝኩ ግማሹን በእጇ ታጎርሰኛለች። ታኮማ ስንቃረብ የወረቀት ፋብሪካው ሽታ መኪናው ውስጥ ሲገባ ልጣጩን መጀመሪያ ወደ ራሷ አፍንጫ፣ ቀጥላ ወደ እኔ አፍንጫ ታስጠጋለች። ሰው ሁሉ ያንን ሽታ ይራገም ነበር፤ እኔ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ እናፍቀው ነበር። እንደምወዳት ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። አልነገርኳትም፤ ምን አስቸኮለኝ፣ ቅዳሜ እንደሆነ በየሳምንቱ አለ እል ነበር።

ይህን ኑሮዬን የሚያደፈርስ አንድ ሰው ነበር፤ ያሬድ። አብሮ አደጌ ነው። ቫንኩቨር ከመሻገሩ በፊት እዚሁ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል፣ መሪ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። ሲነዳ ሙሽራ የጫነ ይመስል ይንቀራፈፋል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ጡሩምባ ሲነፋበት እሱ እጁን አውጥቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ስንት ስቀንበታል። ካናዳ ከገባ ወዲህ በየወሩ የዚያን አገር ታርጋ የለጠፈች ንጹሕ መኪና ይዞ ብቅ ይላል፣ የሚያርፈውም ጋሽ ተፈራ ቤት ነው። እኔ ዘንድ ለምን አያርፍም ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ጋሽ ተፈራ ቤት ለምሳ ተሰበሰብን። ጾም ስለነበር ጎመን፣ ድንች አልጫና ተልባ ቀርቧል። ጋሽ ተፈራ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ አንድን ነገር ብሎን በብሎን ካልፈቱት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ያን ቀን ያሬድን እየጠየቁ የፈቱት የካናዳን ኢንሹራንስ ነበር። እኛ እዚህ ከኩባንያ ኩባንያ እየደወልን ርካሽ ስንለምን እነ ያሬድ ግን ዋናውን ኢንሹራንስ በግዴታ ከመንግሥት ይገዛሉ። ሰፈር ውስጥ ያለ ሱቅ ገብተህ ትፈርማለህ፣ ታርጋህ ላይ ትንሽ ምልክት ትለጥፋለህ፣ በቃ። ሳትጋጭ በቆየህ ቁጥር ዓመት በዓመት ይቀንስልሃል። ያሬድ ሲያትል ሳለ አደጋ እንዳልነበረበት ከድሮ ኩባንያው አስመስክሮ ስለሄደ የዚህ አገር ዓመታቱ ሳይቀሩ ተቆጥረውለታል። የገዛ መኪናህን ማስጠገኛ ከፈለግህ በላዩ ትጨምራለህ፤ መኪናህ አሮጌ ከሆነች ግን ትተወዋለህ፤ አደጋ ሲደርስ ከኪስህ የምታወጣውን ድርሻ ከፍ ካደረግህ ደግሞ ክፍያው ይቀንሳል። ያሬድ ይህን ሁሉ ሲያብራራ ድምፁ እንደ አነዳዱ ዝግ ያለ ነበር።

"ሶ፣ ወጣት ነህ፣ አላገባህም ብለው ቻርጅ አያደርጉህም?" አልኩት።

"ኖ። ስለ ትዳርህ ማንም አይጠይቅህም። አነዳድህን ብቻ ነው የሚያዩት።"

ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መንግሥት ያመነው ልጅ" አሉ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ።

ሰናይት ተነስታ ውሃ ቀዳችለት። የእኔም ብርጭቆ ባዶ ነበር።

ቀናሁ። በሌላ ስም ልጠራው አልችልም። መሪ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ፣ ስንስቅበት የኖርነው ኤሊ፣ በቀርፋፋነቱ ተሸልሞ ፊቴ ተቀምጦ ጎመን ይጠቀልላል። በአማርኛችን ቅናሽና ቅናት የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው፤ ያን ቀን አንዱ ለያሬድ፣ ሌላው ለእኔ ደረሰን። ወደ ቤቴ ስመለስ በዚያ አገር መንግሥት ቀናሁ፣ በሱቁ ቀናሁ፣ ታርጋው ላይ በተለጠፈችው በዚያች ጥፍር በምታክል ወረቀት ሳይቀር ቀናሁ።

በዚያው ሰሞን ያሬድ ከቫንኩቨር ደወለልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ይህንን ልክደው አልችልም። ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ በእኔና በሰናይት መካከል የሆነ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አለ ብል ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን ያ መንግሥት ያመነው ልጅ የእኔንም ምስጢር እንዲያውቅ አልፈለግኩም፤ ኩራቴ ያዘኝ። ምንም የለም፣ ራይድ ነው የምሰጣት አልኩት። "ኦኬ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ስልኩ እንደተዘጋ ግን ቅዳሜ ሲደርስ ልነግራት ቆርጬ ተነሣሁ። ዝናብ ነበር፤ የፊት መስታወት መጥረጊያው ይንጫጫል፣ እሷ ብርቱካኗን ትልጣለች። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ልቤ፣ ስለ ቅዳሜዎቹ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የወኪሉ ንግግር ሆነ።

"ሰኒ፣ ብንጋባ እኮ ኢንሹራንሱ ይቀንሳል።"

እጇ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። "ለማን?" አለችኝ።

ለእኔ፣ ለአንቺ፣ ለሁለታችን ማለት ነበረብኝ። ደነገጥኩና "ለመኪናው" አልኩ።

ብርቱካኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ "እንግዲያስ መኪናው ሽማግሌ ይላክ" አለች።

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። እኔማ ቀልዱን ወድጄው መጋዘን ላሉት ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። የአገሬ ልጅ "ሽማግሌ ይላክ" ስትለኝ ሽማግሌ ላክ ማለቷ እንደሆነ ከእነሱ መካከል የነገረኝ የለም፤ ለነገሩ አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ነበሩ።

ቼሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ ቤት ለቤት የሚሸጥበት የሙቀት ወራት ገባ። አንድ ቅዳሜ ሰናይትን ለመውሰድ የጋሽ ተፈራ በር ላይ ስደርስ የያሬድ መኪና እየተንቀራፈፈች መጣች። ሦስት አዛውንት ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እኔን ባርከው ገቡ። ያሬድን ጠባብ ቦታ ላይ ፓርክ እንዲያደርግ የረዳሁት እኔ ነበርኩ፤ "ና፣ ና፣ በቃ" እያልኩ። እሱ ግን አልወረደም። ጎኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ድንበር ላይ ብዙ ሰዓት እንደቆሙ ነገረኝ፤ ፖሊሱ ለምን እንደመጡ ሲጠይቅ አንደኛው አዛውንት "ልጅ ልንጠይቅ" የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው "ልጅ ልንወስድ" አስመሰሉት፣ ወደ ጎን ቁሙ ተባሉ። ከት ብዬ ሳቅሁ። አሁንም አልገባኝም።

"አንተ ለምን አትገባም?" አልኩት።

"እኔ አልገባም" አለ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ። "ጠያቂው አብሮ አይገባም። ወግ አይደለም።"

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። አስቀድሞ ጠይቆኝ ነበር፣ የለም ብዬዋለሁ። ምን ልበለው? ከዚያ በኋላ እሱ ሰናይትን ራሷን በግልጽ ጠይቋት፣ አጎቴን አስጠይቅ ብላው ነበር። መኪናው ውስጥ ሞቃት ነበር፣ እኔ ግን ማቀዝቀዣው ክፍል የገባሁ መሰለኝ። የሚመታ ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን ባይ ያለው ጓደኛዬ ብቻ ነበር፣ እሱም መሪውን አሁንም አልለቀቀም።

ሰናይት ከጓሮ በር ወጥታ ወደ እኔ መስኮት መጣች። ዛሬ ሥራ እንደማትገባ ልትነግረኝ ነው። ነገረችኝ። ከዚያ መሄድ ስትጀምር ቆም አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ፦

"መኪናው ሽማግሌ ይልካል ብዬ ጠብቄ ነበር" አለችኝ።

"የምን መኪና?" አለ ያሬድ፣ ከገባች በኋላ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

ሰርጋቸው ላይ ሚዜ ሆኜ ጨፈርኩ፤ ቀንቼ ነው የጨፈርኩት፣ ጉልበቴ እስኪያመኝ። ዛሬ ከድንበር ማዶ ልጆች አሳድገው ይኖራሉ። ሰዎች ያ የመንግሥት ኢንሹራንስ እንደ ድሮው አይደለም፣ ተወደደ፣ እነ ያሬድም ያማርራሉ ሲሉኝ ፊቴን አሳዝኜ፣ ሆዴ ውስጥ ግን ትንሽ ደስ ይለኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ቅናት እንደ ግጭት አይደለም፣ ዓመት ስላለፈ ከመዝገብ አይፋቅም።

በረንዳው ላይ ቆሜ የልጄን ጥያቄ ሳሰላስል የዘገየ መልስ መጣልኝ። አግብተሃል ወይ ብሎ እኔን የጠየቀኝ ኩባንያ ነበረ፣ እኔም የኩባንያውን ጥያቄ ወስጄ ለሰናይት ሰጠኋት። ያሬድን ማንም አልጠየቀውም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ከራሱ አፍ አወጣ። ይህንን ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በየትኛው ቋንቋ ይነግሯታል? ወደ ቤት ተመልሼ ገባሁ። ባለቤቴ ስልኩን ጨርሳ ለእኛ የባለትዳር ቅናሹ እንደጸና አበሰረችኝ።

ቅናሹን ከዓመታት በኋላ አግኝቻለሁ ማለት ነው። ባለቤቴን እንድታገባኝ ልጠይቃት የሄድኩ ቀን ግን መኪናዬን ቤት አቁሜ በአውቶቡስ ነበር የሄድኩት።