ከፀሐይ መከለያው ጀርባ የነበረው ወረቀት

ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን በዘረዘርኩ ቁጥር አንዱን እየዘለልኩ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ቁጣን ተናዝዣለሁ፤ ኩራትን፣ ጾም መግደፍን፣ ሰው ማማትን ተናዝዣለሁ። የጋሼ እንድሪስን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሣሁም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለባልንጀራዬም አልነገርኳትም። ዛሬ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። አሁንም እፈራለሁ። ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ በሩን ቆልፌአለሁ፤ ከተቀመጥኩ በኋላም ሁለት ጊዜ ተነሥቼ መቆለፉን አይቻለሁ። ማን እንዳይገባብኝ? የምፈራቸው ሰዎች ሁሉ ከሥልጣናቸው ከወረዱ ቆይተዋል። ፍርሃቱ ግን ከእነሱ ጋር አልሄደም፤ እኔ ዘንድ ቀርቷል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ በነበረ የመስኖ እርሻ በአፈር ባለሙያነት ተቀጥሬ ነበር። የምኖረው ከተማው ውስጥ ነው፤ ናሙና የምሰበስብባቸው ማሳዎች ግን እስከ ጀውሃ ድረስ ተበታትነው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ለእኔ የምትደርሰው አለቆቼ ሲጠግቧት ነው። በዚህ መካከል ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ መኪናውን ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ።

ቀይ፣ አጭር፣ ኋላዋ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ነበረች። ቆማ ላያት ጎመን የሚጫንባት የቤት መኪና ትመስላለች። ሞተሯ ግን ለእሽቅድምድም የተሠራ ነበር። እኔ ነገርን ሳልመዝን የምወስን ሰው አይደለሁም፤ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሥምሬ በአንዱ ጥቅሟን፣ በሌላው ጉዳቷን ጻፍኩ። የናሙና ከረጢት በኋላ በሯ እንደ ልብ ይገባል። ለጠባብ መንገድ ትመቻለች። በጉዳቷ በኩል፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ ነው፤ ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ጊዜም ትጠጣለች። ባለቤቱ እንድሞክራት መሪውን ሲሰጠኝ፣ ከከተማው ወጥቶ ወደ ጀውሃ በሚወስደው ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ የነዳጅ መርገጫውን እስከ መጨረሻው ረገጥኩ። ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ደስታ በየትኛውም ዓምድ አልጻፍኩትም። ለየዕለት ሥራ ነው የምገዛት አልኩ። የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ይሆን?

ጋሼ እንድሪስ የአሊዩ አምባ ተወላጅ ነበሩ። አባት አያታቸው በበቅሎ የነገዱ ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው ግን ከበቅሎው ሞተሩን መርጠው፣ በከተማችን ዳር በአንድ የኒም ዛፍ ሥር መኪና ይጠግኑ ነበር። ቀይዋን መኪና መጀመሪያ ይዤላቸው የሄድኩ ዕለት ዙሪያዋን ዞሩና ሳቃቸውን ለቀቁት።

"ወላሂ ይቺ መኪና አይደለችም፤ ፍየል ናት!" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ የተማርሽ ነሽ ሲሉ ሰምቼ ነበር። የተማረ ሰው ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና ለቆላ መንገድ ይገዛል?"

"ለየዕለቱ መመላለሻ ነው ጋሼ።"

"ለየዕለቱማ አህያ ነበረልሽ። ድንጋይም አትፈራ፣ ኩፖንም አትጠይቅሽ።"

ያም ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋን ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነካትም። ከሥሯ ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ "አብሽሪ፣ ፍየልሽ ደኅና ናት" ይሉኝ ነበር። እኔ ለሰው ቶሎ የምቀርብ አይደለሁም፤ ለእሳቸው ግን ቀርቤአለሁ። ይህን የማነሣው ክፋቴን ለማቅለል አይደለም። ክፋቴን ያከብደዋል እንጂ።

ከከተማው ሰሜን መውጫ ላይ ኬላ ነበር። በመንገዱ ላይ ገመድ ይወጠራል፤ ጠባቂው መኪናውን ፈትሾ ገመዱን ያወርዳል። ጠባቂው በቀለ የሚባል ሰው ነበር። በየማለዳው እያስቆመኝ የናሙና ከረጢቶቼን ሲፈትሽ ሥራ አስፈታኸኝ እያልኩ ስለተነጫነጭኩበት፣ ከጊዜ በኋላ መፈተሹን ተወው። የመኪናዋ ድምፅ ከሩቅ ይለያል። ገና ድምፁን ሲሰማ፣ ፊቴን ሳያይ ገመዱን አስፋልቱ ላይ ይጥለዋል። እኔም ሳልቆም አልፋለሁ። አገሩ ሁሉ ቆሞ በሚፈተሽበት ዘመን ገመድ ለእኔ ሲወድቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያንን ልማድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ማለዳ የፍሬኑ መርገጫ እግሬ ሥር ላላብኝ። ጋሼ እንድሪስ የፍሬኑን ሸራ ቀየሩና እስከ ጀውሃ ነድተው ካልሞከሩት እንደማያስረክቡኝ ነገሩኝ። እኔ ቢሮ ሥራ ነበረኝ። ቁልፉን ሰጠኋቸው። እደግመዋለሁ፤ በእጄ ሰጠኋቸው።

"ወረቀት ጻፊልኝ" አሉ። "ሊብሬው በስምሽ ነው። ብጠየቅ ያለ ወረቀት ማን ያምነኛል?"

ከቦርሳዬ የአፈር ናሙና መለያ ካርድ አወጣሁ። በጀርባው ላይ ፈቃዴን ጽፌ ፈረምኩበት። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ማንበብ የማይችሉትን ጽሑፍ ጥቂት አይተውት ሄዱ።

ሁለታችንም ያላወቅነው ነገር ነበር። የዚያን ዕለት ማለዳ አንድ የሚፈለግ ሰው አምልጧልና ማንም መኪና ሳይፈተሽ እንዳያልፍ ትእዛዝ ለኬላው ደርሶ ነበር። የበቀለም አለቃ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። መኪናዋ ስትመጣ በቀለ ድምፁን ሰማ፤ እጁም እንደ ልማዱ ገመዱን ጣለው። ጋሼ እንድሪስ መንገዱ ክፍት መስሏቸው አለፉ። በቀለ አለቃው ሲጮህበት ደነገጠና "ጥሶኝ ሄደ!" አለ።

ጋሼ እንድሪስ ጀውሃ ደርሰው፣ ፍሬኑን ሞክረው፣ በዚያው መንገድ በዝግታ ሲመለሱ ተያዙ። የሚሸሽ ሰው በሄደበት መንገድ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ በዚያ ቀን የጠየቀ አልነበረም። እኔ መጠየቅ እችል ነበር።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መርማሪው ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ላቦራቶሪዬ ድረስ መጣ። የታጠቡ ወንፊቶች በመደዳ ተደፍተው ነበር፤ እሱ ሲገባ አንዱን በክርኔ ገፍቼ ጣልኩት። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል።

"ጓድ" አለኝ በትሕትና፣ "መኪናዋን ከዚያ ፈረንጅ የገዙት እርስዎ ነዎት አይደል?"

 ፈረንጁን ከጥያቄው ፊት ያመጣው ለምንድን ነው? ከውጭ አገር ሰው ጋር መታየት ራሱ በሚያስጠይቅበት ጊዜ፣ ስሜ ከፈረንጁ ስም ጋር አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይሆን? በተማሪነቴ አብረውኝ ይቀመጡ የነበሩና በአንድ ወር ውስጥ ወንበራቸው ባዶ የሆነ ልጆች ፊታቸው መጣብኝ።

"ሰውየውን እርስዎ ነዎት የላኩት? ወይስ ሳይነግርዎ ነው የወሰዳት?"

ሁለት በር ከፈተልኝ። አንደኛው ወደ እውነት ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ ቤቴ።

"አልሰጠሁትም" አልኩ።

ለአንድ ቀን እንኳ አንቱታን ነፍጌአቸው የማላውቃቸውን ሰው፣ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ "እሱ" አደረግኋቸው።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን መልሰው አመጡልኝ። መርማሪው አብሮ ነበር። ፀሐዩ ቆርቆሮውን አግሎት ስለነበር ከቢሮው በረንዳ ጥላ አልወጣም።

"ወረቀት ጽፋልኛለች፣ መኪናዋ ውስጥ ነው ይላል። ልጆቹ አላገኙም። እስቲ እርስዎ ይዩት፤ ጓዳ ጎድጓዳዋን ያውቁታል።"

ከእሱ ፊት ፈለግኩ። የኋላ በሯን ከፈትኩ፤ ምንጣፏን ገለጥኩ፤ መሳቢያዋን ጎትቼ አወጣሁ። በመጨረሻም ከሾፌሩ ወንበር ተቀምጬ ከፊቴ ያለውን የፀሐይ መከለያ ዝቅ አደረግኩት። የካርዱ ጠርዝ ታየኝ። የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁት፤ ጥንቅቅ ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ ለየብቻው የሚነበብ። መርማሪው ከእኔ የራቀው አሥር እርምጃ ያህል ነበር። ያችን ወረቀት አውጥቼ "ይቅርታ፣ ረስቼው ነው" ብል ምናልባት ሁለታችንም እንወጣ ነበር። ምናልባትም ሁለታችንም እንገባ ነበር። አላውቅም። የማውቀው መከለያውን መልሼ ወደ ላይ መግፋቴን ነው።

"ምንም የለም" አልኩ።

የመጀመሪያው ከአፌ ያመለጠኝ በድንጋጤ ነው ልል እችላለሁ። ይህኛው ግን በእጄ የተሠራ ነው። እጄ ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ ሠራችው። ሲሄዱልኝ ወረቀቱን አውጥቼ በአንድ የአፈር ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት፤ ከረጢቱንም ከመቶ ከረጢቶች መካከል ደረደርኩት። አላቃጠልኩትም። ለምን እንዳላቃጠልኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ስለ ኅሊናዬ ብዬ ነው እንዳልል፣ ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት መጣል ድሮም አልችልም።

ጋሼ እንድሪስ ሁለት ክረምት ታሰሩ። እኔስ ምን አደረግኩ? መኪናዋን ነዳሁ። በየቀኑ፣ በዚያው መንገድ፣ ለዚያው ሥራ። በቀለ ከኬላው ተነሥቶ በቦታው ሌላ ሰው ቆመ። ገመዱ ከዚያ ወዲያ አልወደቀልኝም። በየማለዳው ሲያስቆመኝና ራሱን በመስኮቱ ሲያስገባ፣ ዓይኑ ወደ መከለያው የሚሄድ እየመሰለኝ መታወቂያዬን ሳይጠይቀኝ እዘረጋለት ነበር። መኪና በቤቴ በር ባለፈ ቁጥር እስኪርቅ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ጋሼ እንድሪስ ሁለተኛ ተጠይቀው ቢናገሩስ? ማመልከቻ አስጽፈው የእጅ ጽሑፌ ይመርመር ቢሉስ? የምፈራው ለእሳቸው አልነበረም። እሳቸውን ነበር የምፈራው።

ሲፈቱ በከተማው "የመኪና ሌባው እንድሪስ" ተብለው ነበር። የኒሙ ዛፍ ሥር ሌላ ሰው ይዞታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በገበያው መንገድ ፊት ለፊት ተገናኘን። ከስተዋል፤ ያስላቸዋል። ለመሸሽ ዘገየሁ። እሳቸው ቆሙና መኪናዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"ፍሬኑ ያዘልሽ?" አሉኝ።

"ያዘ፣ ጋሼ።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው አለፉ።

በድምፃቸው ውስጥ ስድብ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ለዓመታት ደጋግሜ ፈልጌአለሁ፤ አላገኘሁም።

ብዙም ሳይቆዩ በዚያው ሳል ሞቱ። ለለቅሶው አሊዩ አምባ ወረድኩ። መቅረት የፈራሁት፣ ለምን ቀረች የሚል ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው። ከሴቶቹ ጋር፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሀራ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ የጋሼ እንድሪስ ታላቅ ወንድም ከበሩ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ጀማው! እንድሪስ የሰው ሐቅ ይዞ እንዳይሄድ። እሱ የበደላችሁ ካላችሁ፣ ለአላህ ብላችሁ ይቅር በሉት፤ አፉ በሉት።"

ከዚያም ከዚህም "አፉ ብለናል፣ አፉ ብለናል" አሉ።  ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሌባ ያስባላቸው መኪና የእኔ ነበራ። አንዲት ሴት ጉልበቴን በቀስታ ነካችኝ።

"እሜቴ፣ አንቺም በይው እንጂ። መንገዱ ይቅናው።"

በዚያ ቤት ውስጥ መርማሪ አልነበረም። ታጣቂ አልነበረም። እውነቱን ብናገር የሚያስረኝ ማንም አልነበረም። ሰባ የሚሆኑ ዓይኖች ብቻ ነበሩ፤ እኔም እነሱን ፈራሁ።

"አፉ ብያለሁ" አልኩ።

እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። "አላህ ይስጥሽ" አሉኝ እያለቀሱ። "ሸክም አቀለልሽለት።"

ኃጢአቴ ይህ ነው። መዋሸቴን እግዚአብሔር በፍርሃቴ መዝኖ ያየው ይሆናል። የበደልኩትን ሰው በቀብሩ ማግሥት፣ በሚስቱ ፊት፣ እኔ ይቅር አልኩት። ምስጋናም ተቀበልኩ። ይህን የሚመዝን ሚዛን እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ?

እትዬ ዘሀራ በሕይወት አሉ። ልጆቻቸው እስከ ዛሬ የሌባው ልጆች ይባላሉ። ከአፈር ከረጢቱ መልሼ ያወጣሁትን ወረቀት ይዤ አሊዩ አምባ ልወርድ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ብዙ ጊዜም ከመንገድ ተመልሻለሁ። አሁንም እሄዳለሁ ብል ቃሌን እንድታምኑኝ አልጠብቅም፤ ቃሌ ምን እንደሚያወጣ ከላይ አንብባችኋል። ስለዚህ በካርዱ ጀርባ ያለውን እዚሁ ገልብጬዋለሁ። ፈርቼ ብቀር እንኳ የሚያነብላቸው ሰው አይጠፋም።

"አቶ እንድሪስ ይህችን ቀይ መኪና ለፍሬን ሙከራ እስከ ጀውሃ ነድተው እንዲመለሱ ፈቅጃለሁ።"

ከሥሩ ፊርማዬ አለ። አፉ በሉኝ አልልም። ያንን ቃል አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ተናግሬዋለሁና ለራሴ ልጠይቅበት መብት የለኝም። ጋሼ እንድሪስ መኪናዬን አልሰረቁም። እኔ ሰጠኋቸው።