ወንበራቸውን ወደ ባሮ ያዞሩት ፍቅረኞች

ብታፍሩብኝም ልናገር፦ ዛሬ የሰው ፍቅር ጆሮዬን ጥዬ ሳዳምጥ ነበር።

ለመጋባት ያሰቡትን ኡጁሉንና አርየትን ያስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ። (ስማቸውን ቀይሬ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።) ዛሬም ባሮ ወንዝ ዳር ባለው ጭማቂ ቤት ወንበራቸውን ፊት ለፊት አድርጌ፣ አንድ ማንጎ በሁለት ስትሮ አዝዤላቸው፣ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ማን ላከሽ አትበሉኝ!

ኡጁሉ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። ጫጫታ ስለሚረብሸው የሥራው የጆሮ መከለያ የትም አይለየውም።

አርየት አንድ ነገር ተናገረች። እሱ መከለያውን አወለቀና፣ "አልሰማሁሽም፣ ድገሚው" አላት።

ምስኪን፣ ደገመችው! "እወድሃለሁ። አልጋ ላይ የሚሆነው ነገር ግን አያምረኝም፤ ከማንም ጋር አምሮኝ አያውቅም። ሳንጋባ እወቀው።"



"አብረሽኝ ትኖሪያለሽ?"

"ዕድሜዬን ሙሉ።"

"እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ግን ዓይን ዓይንሽን እያየሁ ማውራት ይጨንቀኛል።"

"ታዲያ ማን እየኝ አለህ? ወንዙን እያየህ አውራኛ!"

ተነሥተው ወንበራቸውን ጎን ለጎን ወደ ባሮ አዞሩት። ለየራሳቸውም ጭማቂ አዘዙ። ባለ ሁለት ስትሮውን እኔው ጠጣሁት።

እናንተስ፣ በራሱ መንገድ የሚዋደድ ሰው አጋጥሟችኋል? አጫውቱኝ። ሊጋቡ እንደሆነ እሁድ ለአርየት እናት ሊነግሯት ነው፤ እናትየው ምን እንዳለች ከእኔ ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።