ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለቅሶ ቤት

ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጉለሌ፣ ከቤቴ አጠገብ ባለው የእድር አዳራሽ፣ ፈቃደኛ ተማሪዎችን ሰብስቤ ዓለም አቀፍ ዜግነት የሚባለውን አስተምር ነበር። ማርክ የለው፣ ፈተና የለው። ልጆቹ ግን የቁስቋምን ዳገት ወጥተው ይመጡልኝ ነበር፤ እኔም በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። በካርታ ላይ ፈልገን ባገኘነው አገር ጎርፍ ሰው ወሰደ ሲባል ያለቀሱ ልጆች ናቸው። አንዱማ፣ ከሁሉም አንደበተ ርቱዕ የሆነው፣ ድንበር ሰው የሳለው መስመር እንጂ ሌላ ምንም አይደለም ሲል አጨብጭበንለታል።

ከመካከላቸው የአንዷ አባት አገር ቤት በጥይት ተመተው ሞቱ። አጎቷ ደወለልኝ። መንገዱ ዝግ ነው፣ ለቀብር አትደርስም፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ አለኝ። መርዶ ደግሞ ለብቻ አይነገርም። በሰበብ አስባብ እኔ ቤት አሳደርኳት፤ ሲነጋጋ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ነገርኳት። ያ ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ፣ ዛሬ ትምህርት የለም፣ ጓደኛችሁ ሐዘን ላይ ናት፣ እኔ ቤት ኑ ብዬ ጻፍኩ። ከእድሩም ወንበር አስመጣሁ። እንደሚመጡ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ሞኝ ነኝ።

ነፍስ ይማር ብለው ጻፉ። የሻማ ምስልም ላኩ። ጎረቤቶቼ ንፍሮ አምጥተው፣ አልቅሰውላት ወደየሥራቸው ሄደዋል፤ የትምህርታችን ሰዓት ደርሶ አለፈ፣ ከተማሪዎቼ ግን አንድም ብቅ ያለ የለም። በኋላ በየግላቸው ይደውሉልኝ ጀመር። አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቷን የገደሉት የእኛ ሰዎች ናቸው እየተባለ በምን ፊቴ ልምጣ አለችኝ። ሌላው የዶርም ልጆች ካዩት የማን ወገን ነህ እንደሚሉት ነገረኝ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ምን ሳስተምር ነበር? ባሕር ማዶ ላለ ሰው ማልቀስማ ምን ይከብዳል፤ የማን ወገን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለ።

ልጅቷ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ በሩን በሩን ታያለች። እኔ ሳያት ደግሞ ዓይኗን ትሰብራለች። ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለዓመታት በአዳራሹ የለፈለፍኩት ሁሉ አሳፈረኝ፤ ተስፋ ቆረጥኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የግቢው በር ተንኳኳ። ያ አንደበተ ርቱዑ ልጅ ነው። የእሱ አገር ሰዎችና የእሷ አገር ሰዎች ደም ተቃብተዋል። ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አይገባ፣ አይመለስ።

"ቲቸር፣ ልግባ?" አለኝ።

ይሄን መፍቀድ የእኔ ፋንታ አልነበረም። ዞሬ እሷን አየኋት።

ቀና ብላ አየችው። በተዘጋ ድምፅዋ፣ "ያንተስ አባት ደህና ናቸው?" አለችው።

"አላውቅም" አለ። "እዚያ ስልክ አይሠራም። ከወር በላይ ሆነው።"

ፍራሹ ላይ ጠጋ አለችለት።