«አንዴ» እያልኩ ላሊበላ ደረስኩ

ወልድያ፣ ማለዳ

ላሊበላን ልንጎበኝ ጎህ ሳይቀድ ከአማቴ ቤት ወጣን። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግድግዳውን እየዳበሱ እስከ በር ሸኙንና «በሉ በሰላም ግቡ፤ መንገድ ላይ ተጫወቱ እንጂ አትኮራረፉ» አሉን። ባለቤቴ ሠናይት ነርስ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጥን «ሰኞ መልስ የምሰጥበት ጉዳይ አለ፤ ያላንተ አልወስንም» አለችኝ።

«እሺ፣ ንገሪኛ።»

«ዓይንህን እያየሁ ነው የምነግርህ።»

ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። የትናንቱን የፌስቡክ ፎቶዬን ማን እንደወደደው እያየሁ «አንዴ» አልኳት።

ድልብ

ዳገቱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከታች ጉም፣ ከጎን ገደል። ዝንጀሮ የሚፈራው ጠርዝ ላይ ገብስ የዘራ ገበሬ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እኔ ግን አላየሁም። ስልኬን ወደ ጣሪያው አንስቼ ኔትወርክ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ ታዘበኝ።

«ጋሼ፣ ኧረ ቀና ይበሉ! አገሩ እኮ በመስኮቱ በኩል ነው ያለው!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሠናይትም ሳቀች፣ ግን ቶሎ ተወችው።

ጋሸና፣ ምሳ ሰዓት

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የጭነት መኪኖች መንገዱን ይዘው ቆመዋል፤ ሾፌሮች ጋቢ ተከናንበው ሻይ ይጠጣሉ። ጥብሳችን በሸክላ እየተንጫጫ መጣ። ሠናይት «አሁን እንኳ…» ብላ ስትጀምር እኔ «አንዴ!» ብዬ ጥብሱን ከላይም ከጎንም ፎቶ አነሳሁት፤ አልበቃኝም፣ ወንበር ላይ ወጣሁ። ፎቶው አልሄድ እንዳለ ሞራው ረጋ።

አስተናጋጇ አዘነችልን። «እትዬ፣ ላሙቅልዎት?»

«የኔን ብቻ አሙቂልኝ። እሱ በፎቶው ይጠግባል።»

ላሊበላ፣ ከሰዓት በኋላ

ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው የሚያሻግር ጨለማ ዋሻ አለ። የስልኬን መብራት ሳበራ አስጎብኚያችን ዲያቆን ከለከለኝ።

«ያጥፉት ጌታዬ። የሲኦል ምሳሌ ነው፤ በመብራት አይታለፍም። ቀኝ እጅዎ ግድግዳው ላይ፣ ግራዎ ባለቤትዎ ትከሻ ላይ ይሁን።»

«ስልኩንስ በምን ልያዘው?»

«እንግዲህ አምላክ የሰጠዎ ሁለት እጅ ነው» ብሎ ቀድሞን ገባ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ዓይን ቢወጉ አይታይም። ጥቂት እንደሄድን የሠናይት ድምፅ ከፊቴ መጣ።

«ዓይንህን እስካይ ልጠብቅ ካልኩ ማርጀቴ ነው። ወደ ወልድያ ዝውውር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ መቀበሌን ሰኞ ማሳወቅ አለብኝ። እማዬን ከእንግዲህ ብቻዋን አልተዋትም። አብረኸኝ ትመጣለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

«ብቻዬን» የሚለውን ቃል ብዙ ቀን እንዳሰበችበት ድምጿ ያስታውቃል። ከማለዳ ጀምሮ «አንዴ» እያልኩ የገፋሁት ይህንን ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ። ሰይጣን አይተኛምና መጀመሪያ ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው «ወልድያ ኔትወርኩ እንዴት ነው?» የሚል ነበር። ዋጥኩት።

«እመጣለሁ» አልኳት። ትከሻዋ ከእጄ ሥር ቀስ ብሎ ሲላላ ተሰማኝ።

ስንወጣ የውጭው ብርሃን ዓይን ይወጋል። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫ ጀመር፤ ተውኩት። የምጠይቃት ነገር ተከማችቶብኛል፤ መቼ እንደምንገባ፣ ቤት የት እንደምንከራይ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንደቻለችኝ።

«ሠናይት» አልኳት።

የራሷን ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«አንዴ!» አለችና ፊቷን መለሰች። «ሄሎ፣ እማዬ? እሺ አለ።»