ሃቦኔ እያወቀች ዝም ያለችበት ቀን

ሃቦኔ በካቺሲ ገጠር ከከብት ጋር ያደገች፣ አምቦ በአንድ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና የምትማር ልጅ ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት፣ የአፋን ኦሮሞ ቃና ባለው አማርኛዋ ጥያቄ ስትመልስ አስተማሪው፣ «ከካቺሲ ከብት እንጂ ሐኪም አይመጣም» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ከኋላ ወንበር አልተነሣችም። ፈተና ስታልፍ «ቀሎ ነው»፣ ስትወድቅ «ድሮስ» ትላለች። ምን ትማሪያለሽ ሲሏት መልሷ «እንዲያው እመላለሳለሁ» ነበር። ሰውየው አንድ ቀን ተናገረ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የደገመችለት እሷ ናት።

በሦስተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ ጊንጪ ከአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተመደበች። አንድ ጠዋት ኦቦ ቱፋ የሚባሉ ገበሬ ላማቸው ምጥ ጠንቶባት ባለሙያውን ጠሩ፤ ሃቦኔም ተከተለች። ጓንት አጥልቃ እጇን ስትሰድ የጥጃው አንገት ወደ ጎን ታጥፏል። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ጭንቅላቱን ማቃናት እንደሚያስፈልግ ጠንቅቃ ታውቃለች። ባለሙያው ግን ቸኩሏል።

«እግሩ መጥቷል አይደል? እንሳብ» አለ።

እኔ ማን ነኝና አለች በሆዷ። ገመዱን አቀበለችው።

ጥጃው ሞቶ ወጣ። ኦቦ ቱፋ ፊቷን አይተው ኖሮ ጠጋ አሉና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የምታውቂው ነገር ነበር?» አሏት።

«አንገቱ ታጥፎ ነበር። አውቄያለሁ።»

«ታዲያ አፍሽን ማን ያዘው?»

ጎንበስ ብላ ገመዱን ጠቀለለች። ሽማግሌው አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይቀላት ነበር። አምቦ እስክትደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ደሟ ሲፈላ መጣ፤ መጀመሪያ በራሷ፣ ቀጥሎ በዚያ አስተማሪ።

የልምምዱ ሪፖርት በሚቀርብበት ቀን መቲ የምትባል የክፍል ጓደኛዋ ስታቀርብ ያው አስተማሪ አቋረጣት። «ይህን ማን ጻፈልሽ?»

መቲ አንገቷን ደፋች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። ሃቦኔ ተነሣች።

«ራሷ ናት የጻፈችው፣ መምህር።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ጊንጪ ላይ እያወቅሁ ዝም ስላልኩ የሰው ጥጃ ሞቷል። ዝምታውን የተማርኩት እዚህ ክፍል ነው። ይተዋት፣ ትጨርስ።»

ማንም አልሳቀም። መቲም ጨረሰች።

ሃቦኔ ሰውየው በሚያስተምረው ትምህርት ለጥቂት አለፈች፤ ውጤቴ እንደገና ይታይልኝ ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ሰውየው ዛሬም ያስተምራል። እሷ አገሯ ጊንደበረት ከብት ታክማለች። «አንቺ ማን ነሽ» የሚለው ድምፅ አሁንም አልለቀቃትም፤ መድኃኒት ባዘዘች ቁጥር ይመጣል፤ እየሰማችውም ማዘዟን አትተውም። አምና ኮሌጁ ለተመራቂዎች ምክር እንድትሰጥ ጋበዛት። «መጀመሪያ ለመምህራኑ ልናገር» ብላ ጻፈችላቸው። እስካሁን የላኩላት መልስ የለም።